የግራም ቀለምና የባክቴሪያ ግድግዳ

የባክቴሪያ ትምህርት የጀመረ ተማሪ ሁሉ «ግራም ፖዘቲቭ»፣ «ግራም ኔጌቲቭ» ማለትን ወዲያው ይለምዳል። ነገር ግን ግራም የሰው ስም መሆኑን፣ ሰውየውም ባክቴሪያን ለመከፋፈል አስቦ እንዳልተነሣ የሚያስተውል ጥቂት ነው።

ሃንስ ክርስቲያን ግራም እ.ኤ.አ. በ1853 በኮፐንሃገን የተወለደ ዴንማርካዊ ሐኪም ነበር። በርሊን ውስጥ ከካርል ፍሪድሌንደር ጋር ሲሠራ፣ በሳንባ ምች ከሞቱ ሰዎች የተወሰደ ሳንባ በማይክሮስኮፕ ይመረምር ነበር። ያስቸገረው ቀለሙ ባክቴሪያውንና የሳንባውን ሴሎች ሳይለይ ማቅለሙ ነው። ስለዚህ በሐምራዊ ቀለም ከነከረው በኋላ አዮዲን ጨመረበት፤ ቀጥሎም በአልኮል አጠበው። የሳንባው ሴሎች ቀለሙን ሲለቁ ባክቴሪያው እንደ ቀለመ ቀረ።

ይሁን እንጂ አንዳንዶቹ ባክቴሪያዎች፣ ለምሳሌ የአንጀት ተስቦ አምጪው፣ ቀለሙን አብረው ለቀቁ። ግራም በ1884 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ሳይሸሽግ መዘገበ፤ ዘዴውም ገና ጉድለት ያለበት መሆኑን ተናገረ።

ጉድለት የተባለው ግን ዋናው ፍሬ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዘመን ፍሪድሌንደርና አልበርት ፍሬንከል የሳንባ ምችን የሚያመጣው የትኛው ባክቴሪያ እንደ ሆነ ይከራከሩ ነበር። የፍሬንከል ባክቴሪያ ቀለሙን ይይዛል፤ የፍሪድሌንደር ግን ይለቃል። በዚህም ሁለቱ የተለያዩ ፍጥረቶች መሆናቸው ታወቀ።

ምክንያቱ ያለው በሴሉ ግድግዳ ነው። ግራም ፖዘቲቭ ባክቴሪያ ፔፕቲዶግላይካን ከሚባል ነገር የተሠራ ወፍራም ግድግዳ አለው፤ አልኮል ውኃውን ሲመጥበት ይኰማተርና ቀለሙን ከአዮዲኑ ጋር አፍኖ ያስቀራል። የግራም ኔጌቲቭ ግድግዳ ስስ ነው፤ ቅባት ያለበትን የውጭ ሽፋኑንም አልኮሉ ስለሚያፈርሰው ቀለሙ ይወጣል። ይህ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ የታየው በ1983 ነው፤ ከግራም ጽሑፍ 99 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ያው የውጭ ሽፋን ፔኒሲሊንን የመሰሉ ብዙ መድኃኒቶች እንዳይገቡ ስለሚከላከል፣ የቀለሙ ውጤት ሐኪሙን መድኃኒት በመምረጥ ይረዳዋል።

ግራም በ1938 ሲሞት የግድግዳውን ምሥጢር አላወቀም፤ ያየውን ግን በታማኝነት ጽፎ አለፈ። እኛም «አልቀለመም» የሚለውን ውጤት ከመዝገባችን ከመሰረዛችን በፊት ይህን ሰው ማስታወስ ይገባናል።