ወንበር ከመትከል በፊት፤ ስለ ቅኔ መምህር ዝግጅትና ምስክርነት

መምህር ለመሆን መማር ብቻውን እንደማይበቃ የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት ከጥንት ጀምሮ ያውቁት ነበረ። ስለዚህም በድጓም ሆነ በዝማሬ፥ በቅኔም ሆነ በመጻሕፍት ትርጓሜ፥ የተማረ ሰውና ያስመሰከረ ሰው አንድ አይደሉም። የተማረው ለራሱ ያወቀ ነው፤ ያስመሰከረው ግን ሌላውን ያሳውቅ ዘንድ አደራ የተቀበለ ነው። ድጓ የተማረ በጋይንት ወደምትገኘው ወደ ቤተልሔም ሄዶ፥ ዝማሬ መዋሥዕት የተማረም ወደ ዙር አምባ ወጥቶ ካላስመሰከረ በቀር፥ ወንበር ተክሎ ቢገኝ «ከማን ዘንድ አስመሰከርህ?» መባሉ አይቀርም ነበረ። የቅኔ ነገር ግን ጥቂት ይለያል። ጎንጅ፥ ዋሸራና ዋድላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መንገድ ስላላቸው፥ ምስክርነቱ ከቦታው ይልቅ በመምህሩ ቃል ይጸና ነበረ።

ደበሎ ለብሶ፥ አኮፋዳ አንግቶ፥ ቁራሽ ለምኖ እያደረ ወደ ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ቀን ከጎጆው ርቆ ከዛፍ ጥላ ሥር ብቻውን ተቀምጦ ይቈጥራል፤ የቈጠረውንም ወደ ጉባኤው አምጥቶ ይነግራል። መምህሩ ቅኔ ሲዘርፍ ሰምቶ ይይዛል፥ ምሥጢሩን ይጠይቃል። ከዚህ ጋራ ግሱን ያወርዳል፤ አገባቡንም ዐቢዩን፥ ንዑሱን፥ ደቂቁን ለይቶ ያጠናል። እንዲህ እያለ ከዋዜማው ወደ ሥላሴው፥ ከሥላሴውም ስምንት ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። ሙሉ ቤት ሲቀኝ ተማሪነቱ አለቀ የሚል ሰው ይኖራል፤ ነገር ግን የመምህርነቱ ዝግጅት ገና በዚህ ይጀምራል።

ከዚህ በኋላ መምህሩ አስነጋሪ ያደርገዋል። አስነጋሪ ማለት በመምህሩ ሥር ሆኖ የታናናሾቹን ቅኔ የሚሰማና የሚያቃና ማለት ነው። ሥራው ከመቀኘት ይልቅ የከበደ ነው። የራሱን ቅኔ የሚቀኝ ሰው የራሱን ሐሳብ ብቻ ይከተላል፤ አስነጋሪው ግን የሃያውንም የሠላሳውንም ልጅ ሐሳብ ተከትሎ፥ ዜማው የት እንደ ሰበረ፥ አገባቡ የት እንደ ተፋለሰ፥ ሰሙ ያለ ወርቅ የት እንደ ቀረ ወዲያው መለየት ይገባዋል። የተሰበረውን ጠግኖ መስጠት ቀላል ነው፤ ልጁ ራሱ ስብራቱን እንዲያይ ማድረግ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ይህን ሁሉ ሲያደርግ መምህሩ ከአጠገቡ ሆኖ ይሰማዋል። ግስ የሚያውቅ ነገር ግን ሰው የማይታገሥ፥ መወድሱ ያማረ ነገር ግን የሌላውን ቅኔ ማድመጥ የማይችል፥ በዚህ ጊዜ ይታወቃል። ምርቃቱ ከዚህ በኋላ የሚሰጥ ስለ ነበረ፥ መምህሩ የመሰከረው በአንድ ቀን ፈተና ስላየው ነገር ሳይሆን፥ በብዙ ክረምትና በጋ ስለ ሰማው ነገር ነበረ።

ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። ምስክርነቱ በአንድ ሰው ቃል ላይ የቆመ ስለ ሆነ ማድላት ሊገባበት ይችል ነበረ። ለሴቶችም በሩ ጠባብ ነበረ፤ ሆኖም በጎጃም ጽላሎ፥ ዓይነ ስውርዋ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ቅኔን ከአባታቸው ተምረው ለብዙ ዘመን ወንበር ዘርግተው ማስተማራቸው፥ የቅኔ ቤት የሚመዝነው ጆሮንና አእምሮን መሆኑን ያስረዳል።

በ1900 ዓ.ም. የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት፥ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈቱ ጊዜ፥ የውጭ አገር ቋንቋ የሚያስተምሩት ከባሕር ማዶ ሲመጡ፥ ግዕዝና አማርኛ ለማስተማር የተጠሩት የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ነበሩ። እነርሱም የማስተማር ፈቃድ ወረቀት አልያዙም፤ የያዙት የመምህራቸውን ስም ነው። ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. አገሩን ወርሮ ትምህርቱን ካፈረሰ፥ በ1933 ዓ.ም. ነጻነት ከተመለሰ በኋላ የመምህር እጦት እጅግ ጸና። ስለዚህ በ1936 ዓ.ም. በዚያው በምኒልክ ትምህርት ቤት ግቢ የመምህራን ማሠልጠኛ ተጀመረ። ዛሬ ለሁለተኛ ደረጃ የሚያስተምር ሰው በዩኒቨርሲቲ አንዱን ዕውቀት ተምሮ፥ የማስተማርን ዘዴ አክሎ፥ በተማሪዎች ፊት ተለማምዶ ይወጣል፤ የሙያ ፈቃድ ምዘናም ተጨምሮበታል። ምዘናው ለሁሉ አንድ በመሆኑ ከአንድ ሰው አድልዎ ያድናል፤ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ልምምዱ ግን በሳምንታት የሚቈጠር ነው፤ የአስነጋሪው በዓመታት ይቈጠር ነበረ።

እነዚያ ዓመታት እንጀራ ይፈልጋሉ። ቀድሞ መምህሩ የሚኖረው ከቤተ ክርስቲያን መሬት በሚያገኘው ነበረ፤ በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በዐዋጅ የሕዝብ ሀብት በሆነ ጊዜ ይህ መተዳደሪያ ቀረ። ወንበሮች ሁሉ አልታጠፉም፤ በምእመናን ድርጎ የቆሙ ዛሬም አሉ። ነገር ግን ድርጎው ለመምህሩ እንኳ ሳይበቃ ለአስነጋሪው አይተርፍም። ስለዚህ ልጁ ሙሉ ቤት እንደ ተቀኘ፥ የሚያገለግልበትን ደብር ፍለጋ ወደ ከተማ ይወርዳል። በማኅሌት ቆሞ መወድስ ያበረክታል፤ ሕዝቡም ሰምቶ ደስ ይለዋል። በቅኔ ቤቱ ደግሞ የታናናሾቹን ነገራ ሁሉ ሽማግሌው መምህር ብቻቸውን ይሰማሉ።