መፈወስ ወንጀል በሆነበት ዘመን

በ16ኛው ምዕተ ዓመት በፊውዳሉ ስኮትላንድ የተማረ ሐኪም ደጅ የሚዘልቀው ባለጸጋና መኳንንት ብቻ ነበር። ባላገሩ ሲታመም፣ ሚስቱ ምጥ ሲጠናባት የሚጠራው ዕፅ የምታውቅ፣ ጸሎት የምትደግም፣ ሕፃን የምታዋልድ የመንደር ሴት ነበረች። በእኛ ቋንቋ መድኃኒት አዋቂና መተተኛ ሁለት የተለያዩ ስሞች ናቸው፤ አንዱ ያድናል፣ ሌላው ይጎዳል። እ.ኤ.አ. በ1563 የስኮትላንድ ፓርላማ ያወጣው ሕግ ግን ለዚህ ልዩነት ቦታ አልሰጠም። በጥንቆላ የሚሠራ ብቻ ሳይሆን ከጠንቋይ እርዳታ የሚጠይቅም በሞት እንዲቀጣ ደነገገ።

ሕጉ በመድኃኒት አዋቂዋ ላይ ምን እንዳስከተለ የአግነስ ሳምፕሰን ችሎት በግልጽ ያሳያል። ንጉሥ ጄምስ 6ኛ በ1589 የዴንማርኳን ልዕልት አግብቶ በ1590 ሲመለስ በባሕር ማዕበል ክፉኛ ተንገላቶ ነበር። በዚያው ዓመት ትራኔንት በምትባል ከተማ ጌሊስ ደንከን የተባለች ገረድ ድንገት ሕሙማንን መፈወስ ጀመረች በመባሏ በጌታዋ ተጠረጠረች። ጣቶቿ በብረት ተጨመቁ፤ ራሷ በገመድ ተጠፍሮ ተጠመዘዘ። ሥቃዩ ሲበረታባት የሌሎችን ስም ጠራች፤ ከእነርሱም አንዷ በአካባቢው በአዋላጅነትና በመድኃኒት አዋቂነት የታወቀችው አግነስ ነበረች።

አግነስን ንጉሡ ራሱ በሆሊሩድ ቤተ መንግሥት መረመራት። መጀመሪያ ካደች። ጠጉሯ ተላጭቶ፣ ራሷ በገመድ ተጠምዝዞ፣ በገላዋም «የሰይጣን ምልክት» ተገኘ ከተባለ በኋላ ግን የተጠየቀችውን ሁሉ አመነች፤ ማዕበሉን በንጉሡ መርከብ ላይ አስነሥተናል እስከ ማለትም ደረሰች። የቀረቡባት ክሶች 53 ነበሩ። ከእነዚህ ብዙዎቹ ሕሙማንን በጸሎትና በልዩ ልዩ ዘዴ ማዳኗን፣ በሽተኛው ይተርፍ ወይም ይሞት እንደሆነ አስቀድማ መናገሯን የሚዘረዝሩ ነበሩ። የአንዱን ታካሚ ሕመም አንሥታ በሌላው ላይ ጣለች የሚል ክስም አለባቸው። በከሳሾቿ አመለካከት በሽታን ማስወገድ የሚችል እጅ መላክም ይችላል፤ ስለዚህ ያዳነችው ሰው በበዛ ቁጥር ማስረጃው በዛባት። በጥር 28 ቀን 1591 በኤዲንብራ ታንቃ ተገደለች፤ ሬሳዋም ተቃጠለ።

በሰኔ ወር 1591 የአንድ ታዋቂ ዳኛ ልጅ የሆነችው ኢዩፌም ማካልዝየን ከነሕይወቷ ተቃጠለች፤ ሀብቷም ተወረሰ። ከክሶቿ አንዱ የምጥ ሕመሟን ለማቅለል የአግነስን እርዳታ ጠይቃለች የሚል ነበር።

ይህ ሁሉ የአላዋቂ ሕዝብ ፍርሃት ብቻ የወለደው አይደለም። ንጉሡ ተቀናቃኙን የቦዝዌል መስፍን ፍራንሲስ ስቱዋርትን በጠንቋዮች ሊያስገድለኝ ሞከረ ብሎ ለመክሰስ ከዚሁ ምርመራ የተገኘውን ቃል ተጠቅሞበታል። በ1597ም ስለ አጋንንትና ጥንቆላ መጽሐፍ አሳተመ። የመንደሩ ሐሜት ገዳይ የሆነው ዙፋኑ፣ ሕጉና ቤተ ክህነቱ ሲደግፉት ነው።

ይሁንና ዘመቻው በመድኃኒት አዋቂዎች ላይ ብቻ የታወጀ ነበር ማለት ታሪክን ማዛባት ነው። ሕጉ በሥራ ላይ በዋለበት ዘመን በስኮትላንድ ከ3,800 በላይ ሰዎች እንደ ተከሰሱ፣ ከአምስቱ አራቱም ሴቶች እንደ ነበሩ የታሪክ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። በመፈወስ ሥራ የታወቁት ከእነዚህ ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ። አብዛኞቹን ለችሎት ያበቃቸው የጎረቤት ጠብ፣ የቆየ ቂምና በሥቃይ የተጠራ ስም ነው። የመድኃኒት አዋቂዋ ዕጣ የተለየ የሚያደርገው ለወገኖቿ ያበረከተችው አገልግሎት ራሱ በወንጀልነት መቆጠሩ ነው።

ሕጉ በ1736 ተሻረ። በመጋቢት 8 ቀን 2022 በወቅቱ የስኮትላንድ መንግሥት መሪ የነበሩት ኒኮላ ስተርጀን በዚህ ሕግ ለተከሰሱትና ለተገደሉት ሁሉ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ።

አግነስ ስለ ሙያዋ በራሷ እጅ የጻፈችው ነገር አልተገኘም። ስለ ሥራዋ የምናውቀው ከሳሾቿ የጻፉትን ነው። ለታሪክ መምህርና ለኪነ ጥበብ ሰው ትልቁ ትምህርት እዚህ ላይ ነው፤ የገዢዎችን መዝገብ ገልብጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ያዳነቻቸው ሰዎች ስም ለእኛ የደረሰው ሞት ከፈረደባት የክስ ወረቀት ነውና።