በታዳጊ ገበያዎች አክሲዮን ላይ በኢቲኤፍ አማካኝነት ኢንቨስት ስለማድረግ

ትርጉም

ኢቲኤፍ የብዙ ኩባንያዎችን አክሲዮን በአንድነት የያዘ ፈንድ ሲሆን፣ የፈንዱ ድርሻ እንደ ማንኛውም አክሲዮን በሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በሥራ ሰዓት ይሸጣል፣ ይገዛል። አብዛኞቹ ፈንዶች ኢንዴክስ የተባለ የታወቀ የኩባንያዎች ዝርዝር ይከተላሉ። «ታዳጊ ገበያ» የሚለው ስያሜ እ.ኤ.አ. በ1981 በዓለም አቀፍ ፋይናንስ ኮርፖሬሽን ባልደረባ በነበሩት አንትዋን ቫን አግትሜል የተፈጠረ ነው።

በፈንዶች መካከል ያለ ልዩነት

የፈንዶች ስም ቢመሳሰልም ይዘታቸው ሊለያይ ይችላል። ኤምኤስሲአይ ደቡብ ኮሪያን ከታዳጊ ገበያዎች ይመድባል፤ ፉትሲ ራስል ግን ካደጉት ጋር ይቆጥራታል። በሁለቱም ኢንዴክሶች የቻይና፣ የታይዋንና የህንድ ኩባንያዎች ከፍተኛ ድርሻ ስላላቸው፣ የገንዘቡ ስብጥር የአገራቱ ብዛት የሚያመለክተውን ያህል ሰፊ አይደለም። ኢትዮጵያ በሁለቱም ውስጥ አልተካተተችም።

ዋና ዋና ስጋቶች

• የምንዛሪ ለውጥ፦ አክሲዮኑ በአገሩ ገንዘብ ዋጋው ቢጨምርም፣ የዚያ አገር ገንዘብ ከዶላር አንጻር ከተዳከመ ባለድርሻው ሊከስር ይችላል።
• የፖለቲካ ሁኔታ፦ ሩሲያ በዩክሬን ላይ ጦርነት ከከፈተች በኋላ፣ ኤምኤስሲአይ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2022 የሩሲያን አክሲዮኖች ዋጋ ወደ ዜሮ በተጠጋ ሂሳብ ከኢንዴክሱ አስወጥቷል። የውጭ ባለሀብቶች በሞስኮ ገበያ መሸጥ አልቻሉም ነበር።
• ወጪ፦ ዓመታዊ የአስተዳደር ክፍያ ፈንዱ ቢያተርፍም ቢከስርም ይቀነሳል።

ከመግዛት በፊት ሊረጋገጡ የሚገባቸው ጉዳዮች

1. ፈንዱ የሚከተለው ኢንዴክስ፣ የአገራቱ ድርሻና ዓመታዊ ክፍያው በፈንዱ መግለጫ ሰነድ ላይ ይገኛል።
2. በውጭ አገር የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን አገናኙ ድርጅት በሚኖሩበት አገር ተቆጣጣሪ አካል ፈቃድ የተሰጠው መሆኑን፣ እንዲሁም የሚከፍሉትን ግብር ማጣራት ይኖርባቸዋል።
3. በኢትዮጵያ የሚኖር ሰው ገንዘብ ወደ ውጭ ከመላኩ በፊት የውጭ ምንዛሪ መመሪያዎችን ከኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ወይም ከባንኩ ማረጋገጥ አለበት።
4. በአገር ውስጥ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ የማገበያየት አገልግሎት የሚሰጥ ድርጅት በካፒታል ገበያ አዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ከኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ፈቃድ ሊኖረው ይገባል።

ማሳሰቢያ

የአክሲዮን ፈንድ ትርፍ አስቀድሞ ሊረጋገጥ አይችልም። በወር የተወሰነ ትርፍ እንደሚከፍል ቃል የሚገባ፣ ገንዘብ በግለሰብ የባንክ ሂሳብ እንዲገባ የሚጠይቅ ወይም ሌሎች ሰዎችን ለሚያመጣ ክፍያ የሚሰጥ አካል ሲያጋጥም፣ ገንዘብ ከመክፈል በፊት ፈቃዱን ከባለሥልጣኑ ማጣራት ያስፈልጋል።