አየር ያለ ጥፋቱ ሲከሰስ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ አበው። ዛሬ ከሥሩ ልናየው የተነሣንበት ነገር ላይ ላዩን ሲያዩት ትንሽ ነው። ሰው መሬት ላይ ቆሞ በሬዲዮ የሚያበራት የሞዴል አውሮፕላን ደኅና ስትበር ቆይታ ድንገት ትእዛዝ አልሰማ ብላ የምትወድቀው ስለምንድን ነው? ጉዳዩ የልጆች መጫወቻ ወሬ የመሰለው አንባቢ ቢኖር ጥቂት ይታገሠን። ከእነዚህ አውሮፕላኖች መካከል ክንፋቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ ሦስት ሜትር፣ ክብደታቸው አሥር ኪሎና ከዚያም በላይ የሚሆን አሉ። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር ይበራሉ። እንዲህ ያለ ነገር ጆሮው ሲደነቁር ማን ላይ እንደሚወድቅ አይታወቅም።

አውሮፕላን በወደቀ ቁጥር አብራሪዎች ለብዙ ዘመን ጣታቸውን የሚቀስሩት ወደ አየር ነበር። «ሌላ ሬዲዮ ገባበት፣ ሞገዱ ተጠለፈ» ይሉ ነበር። ክሱ አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው በራሷ በአውሮፕላኗ ሆድ ውስጥ ተሸሽጎ የተቀመጠ ነበር፤ የደከመ ባትሪ፣ የቀጠነ ሽቦ፣ ወይም የላላ ሶኬት። አየር ከዚህ ክስ እንዴት ነፃ እንደወጣ የሚናገረው ታሪክ ከመቶ ዓመት በፊት ይጀምራል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ እንወቅ። ለዚህ መሐንዲስ መሆን አያሻም፤ የከተማችን ነዋሪ ሁሉ በቤቱ የሚያየው ነው። ማታ አምፖል በርቶ ሳለ የእንጀራ ምጣድ ሲሰካ መብራቱ ደብዘዝ ይላል። ምጣዱ ብዙ ኤሌክትሪክ ይስባል፤ ብዙ ሲሳብ ሽቦው ራሱ ከቮልቱ ቀንሶ ያስቀራል፤ ለአምፖሉ የሚተርፈው ያንሳል። አምፖል ቢደበዝዝ ጉዳት የለውም፤ ምጣዱ ሲነቀል ይመለሳል። በዚያው መስመር ላይ ኮምፒዩተር ቢኖርስ? ቮልቱ ከልኩ በታች ከወረደ ለአንዲት ቅጽበትም ቢሆን ይጠፋና እንደገና ከሀ ይጀምራል። በአውሮፕላኗ ውስጥ ምጣዱ ክንፍና ጅራቷን የሚያንቀሳቅሰው ሰርቮ የተባለው ትንሽ ሞተር ነው። ትእዛዝ የሚሰማው ተቀባይ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ያለው ኮምፒዩተር ነው።

በ1898 ኒኮላ ቴስላ በኒው ዮርክ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን፣ በገንዳ ውሃ ላይ የምትንሳፈፍ ትንሽ ጀልባ ያለ ሽቦ እያዘዘ ለሕዝብ አሳየ። የፈጠራ መብቱንም በዚያው ዓመት ኖቬምበር 8 ቀን አገኘ። ተመልካቹን ያስደነቀው በአየር የመጣው ትእዛዝ ነበር። ይሁንና ጀልባዋን የገፋትም፣ መሪዋን ያዞረውም ከውጭ የመጣው ሞገድ አልነበረም። ሞገዱ ሹክ አለ እንጂ ጉልበቱ የመጣው በውስጧ ከተቀመጠው ባትሪ ነው። ከዚያ ወዲህ ከርቀት የሚመራ መሣሪያ ሁሉ በዚሁ ሕግ ይኖራል። ቃሉ ከሩቅ ይመጣል፤ ስንቁ ግን አብሮ ይጫናል።

ይህ ሕግ ወደ ሞዴል አውሮፕላን ሲመጣ ስንቁ ከባድ ሸክም ሆነ። በ1937 በአሜሪካ ሚሺጋን፣ ካላማዙ በምትባል ከተማ፣ ዋልተር እና ዊሊያም ጉድ የተባሉ መንትያ ወንድማማቾች «ቢግ ገፍ» የተሰኘች አውሮፕላን በሬዲዮ አበረሩ። ክንፏ ስምንት ጫማ፣ ክብደቷ ወደ አራት ኪሎ ገደማ ነበር። የዚያ ዘመን ተቀባይ የሚሠራው ቫልቭ በሚባለው የመስታወት አምፖል ሲሆን፣ ቫልቭ ደግሞ ሁለት ዓይነት ድንጋይ ይፈልጋል። አንዱ የአምፖሉን ክር የሚያሞቅ ጥቂት ቮልት ያለው፣ ሌላው ቫልቩን የሚያሠራ 45 ቮልትና ከዚያ በላይ የሆነ። በድንጋይ የሚሠራ ሬዲዮ ይዞ ያደገ ሰው የደረቅ ድንጋይን ጠባይ ያውቃል፤ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ብርድ ሲነካው ይለግማል። አውሮፕላኗም በዚህ ለጋሚ ስንቅ ላይ ነበር የምትተማመነው።

ሆኖም እነዚያ ፈር ቀዳጆች ሳያስቡት ያገኙት አንድ ጥበብ ነበራቸው። መሪውን የሚያዞረው ኤሌክትሪክ ሳይሆን የተጠመዘዘ ላስቲክ ነበር። ኤሌክትሪኩ መቆለፊያውን ለአንድ አፍታ ይለቀዋል፤ የቀረውን ላስቲኩ ይሠራዋል። ስለዚህ የአውሮፕላኗ ጡንቻ ከጆሮዋ ስንቅ ብዙም አይሻማም ነበር። ቢግ ገፍ በ1960 ለአሜሪካው የስሚዝሶኒያን ሙዚየም ተሰጥታለች።

ትራንዚስተር በ1947 ተፈለሰፈ። በቀጣዩ አሥር ዓመት ገደማ ወደ ሞዴል አውሮፕላን ተቀባይ ሲገባ 45 ቮልቱ ድንጋይ ተራገፈ። በ1960ዎቹ ደግሞ ዳግ ስፕሬንግ፣ ዶን ማቲስና ፊል ክራፍት የመሳሰሉ አሜሪካውያን ሌላ ለውጥ አመጡ። አብራሪው በትሩን ጥቂት ቢገፋ መሪው ጥቂት፣ ብዙ ቢገፋ ብዙ የሚዞርበት ሥርዓት ተሠራ። ይህን የሚፈጽመው ሰርቮ ነው። ሰርቮ በውስጡ ሞተር አለ፤ የታዘዘውን ቦታና የደረሰበትን ቦታ እያነጻጸረ ልዩነቱ እስኪጠፋ ይዞራል። ላስቲኩ ተሰናበተ። አራት የኒኬል ካድሚየም ባትሪዎች ተያይዘው 4.8 ቮልት ሲሰጡ፣ ተቀባዩም ሰርቮዎቹም ከዚያው ይመገቡ ጀመር። ጆሮና ጡንቻ ከአንድ መሶብ መብላት የጀመሩት ያኔ ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ደግሞ እየዞረ ሳለ ከሚስበው ይልቅ ከቆመበት ሲነሣ፣ ወይም ነገር ይዞት መዞር ሲያቅተው የሚስበው እጅግ ይበልጣል። አብራሪው አውሮፕላኗን ሲገለብጥ አራትና አምስት ሰርቮዎች በአንድ ጊዜ ከቆሙበት ይነሣሉ። መሶቡ የሚራቆተው በዚያች ቅጽበት ነው።

ታዲያ አየር ለምን ተከሰሰ? ምክንያት ነበረው። በ1958 የአሜሪካ መንግሥት 27 ሜጋኸርትዝ አካባቢ ያለውን ሞገድ ለተራው ሕዝብ የመነጋገሪያ ሬዲዮ ፈቀደ። የሞዴል አብራሪዎች ይጠቀሙበት የነበረውም ይኸው ሰፈር ነው። የከባድ መኪና ሾፌሮች ወሬ ሲደራ አውሮፕላኖች ይንቀጠቀጡ ነበር። ኋላ አብራሪዎቹ ወደ ሌላ ሞገድ ቢሄዱም፣ በአንድ ሜዳ ሁለት ሰው በአንድ ቁጥር ሬዲዮ ከከፈተ አንደኛው አውሮፕላን መውደቁ አይቀርም። ስለዚህ በየሜዳው ባንዲራና የቁጥር ሰሌዳ ተተከለ። አየሩ አንዴ ስሙ ከጠፋ በኋላ ያላደረገውም ሁሉ ይለጠፍበት ጀመር።

ሁለተኛው ምክንያት ከዚህ የረቀቀ ነው። የወደቀችው አውሮፕላን ፍርስራሽ ሲነሣ ባትሪው ይለካል፤ ቮልቱ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ባትሪ ሲጨነቅ ይወርዳል፣ ሲያርፍ ደግሞ ያንሰራራል። በሰማይ ላይ የከዳው ምስክር መሬት ሲደርስ ቃሉን ይለውጣል። ተቀባዩም ይሠራል፣ ሰርቮውም ይዞራል። እንግዲህ አየር ካልሆነ ማን ሊሆን ነው?

በሌላ በኩል ሞተሩም ራሱ ወደ ኤሌክትሪክ እየሄደ ነበር። እንግሊዛዊው ኮሎኔል ታፕሊን «ሬዲዮ ክዊን» የተባለችውን አውሮፕላን ጁን 30 ቀን 1957 በኤሌክትሪክ ሞተር አበረራት። ዘመን ሲገፋ ለሞተሩ አንድ፣ ለተቀባዩ አንድ ባትሪ መሸከም ክብደት ሆነና፣ ከትልቁ ባትሪ ቆንጥሮ አምስት ቮልት ያህል ለተቀባዩ የሚያካፍል ሰርኪዩት ተበጀ። ይህ አካፋይ የተረፈውን ቮልት ወደ ሙቀት ለውጦ የሚጥል ዓይነት ሊሆን ይችላል። 12 ቮልት ተቀብሎ 5 ቮልት ሲያወጣ፣ ሰርቮዎቹ 2 አምፔር ከጠየቁት 14 ዋት ሙቀት በጣት በምታክል ዕቃ ላይ ያርፋል። ሙቀቱ ሲበዛ ራሱን ለማዳን ይዘጋል። ከብልኅ አሠሪዎች የተገኘ አንድ መላ ግን ይመሰገናል። ባትሪው ሊያልቅ ሲል መሣሪያው መጀመሪያ ሞተሩን ያቆመዋል፤ የቀረችውን ጥቂት ስንቅ ለጆሮ ያስቀምጣታል። ሞተሯ የጠፋ አውሮፕላን እየተንሳፈፈች ትወርዳለች፤ ጆሮዋ የጠፋ ግን አትመለስም።

በ1990ዎቹ መጨረሻ ዲጂታል ሰርቮ መጣ። የቀድሞው ሰርቮ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ቦታውን ሲያስተካክል፣ አዲሱ 300 ጊዜና ከዚያ በላይ ያስተካክላል። ፈጣንና ብርቱ ነው፤ ሆዱም የዚያኑ ያህል ሰፊ ነው። ብዙ ሰው አዲሱን ሰርቮ በአሮጌው ባትሪና በአሮጌው ቀጭን ሽቦ ላይ ሰካ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

እውነቱ የወጣው ከ2005 ወዲህ፣ የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ገበያ ላይ ሲውል ነው። በዚህ ሥርዓት እያንዳንዱ ተቀባይ የጌታውን ድምፅ በምስጢር ቁጥር ለይቶ ያውቃል፤ የጎረቤትን አይሰማም። ባንዲራውና ሰሌዳው ቀረ። አብራሪዎችም «እንግዲህ ተገላገልን» አሉ። አውሮፕላኖች ግን መውደቃቸውን አልተዉም። አሁን የሚከሰስ ጎረቤት ስለሌለ ሰዎች ወደ ሆዷ ማየት ግድ ሆነባቸው።

ያገኙት ይህን ነበር። የቀድሞው ተቀባይ ቀላል ስለነበር ቮልቱ ሲወርድ ለአፍታ ይንተባተብና ወዲያው ይቀጥላል። አዲሱ በውስጡ ኮምፒዩተር ስላለው ከልኩ በታች ሲወርድ ጨርሶ ይጠፋል፤ ሲመለስም እንደ አዲስ ተነሥቶ ጌታውን መፈለግ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች ላይ ይህ ፍለጋ ጥቂት ሰከንዶች ይፈጅ ነበር። በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የምትበር አውሮፕላን በሦስት ሰከንድ ከሰማንያ ሜትር በላይ ትሄዳለች፤ ዝቅ ብላ ከነበረ መሬት ከዚያ ይቀርባል። አሜሪካኖች ይህን «ብራውንአውት» ይሉታል፤ ፍጹም ጨለማ ሳይሆን የመብራት መደብዘዝ ማለት ነው። በኋላ የተሠሩት ተቀባዮች ቶሎ እንዲነቁ ተደረገ፤ የሥሩ ችግር ግን የተቀባዩ አልነበረም።

ሒሳቡ አጭር ነው። ባትሪው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ሽቦውና ሶኬቱ ተደምረው 0.2 ኦም ይቃወማሉ እንበል። ሰርቮዎቹ በአንድ ጊዜ 8 አምፔር ሲስቡ በመንገድ የሚቀረው 1.6 ቮልት ነው። ከ4.8 ሲቀነስ 3.2 ይቀራል። ከመጀመሪያዎቹ ተቀባዮች መካከል ቢያንስ 3.5 ቮልት የሚሹ ነበሩ። ያች 0.3 ቮልት ናት የብዙ ወር ድካም መሬት ላይ የምትከሰክሰው።

መከላከያውም ከዚሁ ሒሳብ ይወጣል። አንደኛ፣ መነሻውን ከፍ ማድረግ፤ ሰርቮዎቹ የሚችሉት ከሆነ በአራት ባትሪ ፈንታ አምስት አያይዞ 6 ቮልት መስጠት። ሁለተኛ፣ ብዙ የሚይዝን ባትሪ ፈጥኖ ከሚሰጥ ባትሪ መለየት። ትልቅ እንስራ ብዙ ውሃ ይይዛል፤ አንገቱ ከጠበበ ግን ለብዙ ጠጪ በአንዴ አይደርስም። ብዙ ሚሊአምፔር ሰዓት የተጻፈባቸው አንዳንድ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪዎች ጠባያቸው ይኸው ነው። ሦስተኛ፣ ሽቦውን ማወፈርና ማሳጠር፣ የላላ ሶኬት መጣል፣ በዝገት ውስጡ የጠቆረ ሽቦ ሲገኝ መለወጥ። አራተኛ፣ መሪዎቹ ያለ መጋጠብ በነፃነት መዞራቸውን ማየት፤ የተያዘ ሰርቮ ሳያቋርጥ ይበላልና።

አምስተኛው መድኃኒት በትላልቅ አውሮፕላኖች ላይ የተለመደው ሁለት ባትሪ ማድረግ ነው፤ ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ። የአንዱ ሞት ሌላውን ይዞ እንዳይሄድ በመካከላቸው ዳዮድ ይገባል። አንዳንዶች በተቀባዩ ባዶ ቀዳዳ ላይ ትልቅ ካፓሲተር ይሰካሉ። ክፋት የለውም፤ ሆኖም ከአቅሙ በላይ ተስፋ አይጣልበት። 4700 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ያንን 8 አምፔር ብቻውን ቢሸከም፣ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ አንድ ቮልት ይጎድልበታል። እንደ አፍ ማበሻ ነው እንጂ ምሳ አይሆንም።

ከሁሉ የሚቀድመው ግን መለካት ነው፤ ያውም ባትሪው በሥራ ላይ ሳለ። ያረፈ ባትሪ ሁልጊዜ ደኅና ነኝ ይላል። አውሮፕላኗ መሬት ላይ ተይዛ፣ ሁሉም መሪዎች በአንድ ጊዜ ወዲያና ወዲህ እየተወዘወዙ፣ ቮልቱ እስከ የት እንደሚወርድ ይታያል። ዛሬ ብዙ ተቀባዮች በበረራ ላይ የደረሱበትን ዝቅተኛ ቮልት ለአብራሪው እጅ መልሰው ይልካሉ። ባትሪው ከእንግዲህ መሬት ሲደርስ ቃሉን ሊለውጥ አይችልም።

ከቴስላ ጀልባ እስከ ዛሬ ድረስ ሰው ሁሉ የተደነቀው በማይታየው ሞገድ ነው። ሽቦና ሶኬት ማን ያደንቃል? ሲሠሩ አይታዩም፤ ሲከዱም ሌላ ይከሰስላቸዋል። አሁን ግን በሬዲዮ የሚታዘዙ ከባድ በራሪ ዕቃዎች ከስፖርት ሜዳ አልፈው በሰው ሠፈርና በእርሻ ላይ የሚበሩበት ዘመን ነው። ከሥራቸው የሚያልፈው መንገደኛ ስለ ቮልት የሚያውቀው ነገር የለም፤ ማወቅም የለበትም። ያቺን የአንድ ደቂቃ ልኬታ ስለ እርሱ ሆኖ ማድረግ ያለበት በትሩን የያዘው ሰው ነው።