የሕፃናት ቃል መረዳት ምዘና፤ ከሥዕል ሰሌዳ እስከ ራስ መር መተግበሪያ

ሕፃን የሚረዳው ቃል ከሚናገረው እንደሚበልጥ ልጅ ያሳደገ ሁሉ ያውቃል። ከአንደበት ያልወጣውን ይህን ዕውቀት ለመለካት የተደረገው ጥረት የራሱ ታሪክ አለው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ታሪኩ በአገራችን የሄደበትን መንገድ በአጭሩ መርምሮ፣ የመዝገበ ቃላት ሥራ በጉዳዩ ያለበትን ኀላፊነት ማመልከት ነው።

በዚህ ረገድ በብዙ አገሮች የታወቀው መመዘኛ በ1959 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመው የፒቦዲ የሥዕልና የቃላት ፈተና ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። መዛኙ አንድ ቃል ይጠራል፤ ሕፃኑም ከቀረቡለት 4 ሥዕሎች መካከል ለቃሉ የሚስማማውን በጣቱ ያመለክታል። ቃላቱ ከቀላል ወደ ከባድ የተደረደሩ ሲሆኑ፣ ስሕተት ሲደራረብ ፈተናው በዚያው ይቋረጣል።

ይኸው ፈተና በ2006 እ.ኤ.አ. ያንግ ላይቭስ በተባለው ጥናት ውስጥ፣ ወደ አገር ቋንቋዎች ተተርጕሞ፣ 5 ዓመት ገደማ ለሆናቸው ኢትዮጵያውያን ሕፃናት ቀረበ። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል። ቃል ሲተረጐም ክብደቱ አብሮት አይሻገርም። «ጊደር» የሚለውን ቃል የገበሬ ልጅ ገና በአፍ መፍቻው ያውቀዋል፤ ለኒው ዮርክ ልጅ ግን አቻው ብርቅ ቃል ነው። እንግዲህ ድርድሩ እንዳለ ከተወሰደ፣ የእኛው ልጅ በሩቅ ቃላት ተሳስቶ ፈተናው ይቋረጥበታል፤ የሚያውቃቸውም ቃላት ሳይጠየቁ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የታብሌት ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት ወንጪና ወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት የገጠር መንደሮች ለ40 ያህል ሕፃናት በፀሐይ ኀይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ያለ አስተማሪ ሰጠ። የልጆቹ አጠቃቀም በየመሣሪያው ይመዘገብ ነበር፤ አንድ ባለሙያም በሳምንት አንድ ጊዜ እየመጣ መዝገቡን ይሰበስብ ነበር። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው፣ ልጆቹ በ2 ሳምንት ውስጥ የእንግሊዝኛን ፊደል መዝሙር ዘመሩ፤ በ5 ወር ውስጥም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ። ብልኀታቸው የሚደነቅ ነው። ይሁን እንጂ መዝገቡ የያዘው የጣትን እንቅስቃሴ ነው፤ ፊደል የዘመረ ልጅም ቃሉን ተረድቷል ማለት አይደለም።

ራስ መር ምዘና እነዚህን ሁለቱን ያጣመረ ነው፤ ቃሉን የሚጠራው በመሣሪያው የተቀዳ ድምፅ ነው፤ ሥዕሉን ሕፃኑ ብቻውን ይነካል። ቀድሞ መዛኙ የልጁን ፊት አይቶ ያመነታ ነበር፤ መሣሪያው ግን አያመነታም። በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ የሚገኘውን ኮዬ ፈጬን ለምሳሌ እንውሰድ። በዚያ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ከገበሬ መንደሮች ጋር ጎረቤት ናቸው፤ አማርኛና አፋን ኦሮሞም በአንድ ግቢ ይሰማሉ። አንዱ ልጅ «ጊደር»ን «ራዳ» ብሎ ያውቃታል፤ ሌላው ጊደር ከነጭራሹ ሳያይ ያድጋል። «በቆሎ»ም በአንዳንድ ስፍራ «የባሕር ማሽላ» ነው። የተቀዳው ድምፅ «ተጫማች» ቢል፣ በቤቱ «ጫማ አደረገች» ሲባል የሰማ ልጅ ሥዕሉን ይስታል። ያን ጊዜ የተመዘነው የመጽሐፍ አማርኛ ሲሆን፣ «አልተረዳም» ተብሎ የሚጻፈው ግን በልጁ ስም ነው።

ስያሜውም ራሱ ጥንቃቄ ይሻል። «ራስ መር» ሲባል መሪው ሕፃኑ ነው ወይስ መሣሪያው? ልጁ የሚነካውን ቢመርጥም፣ የሚጠየቀውን ቃልና የሚቋረጥበትን ቦታ የሚወስነው ሌላ ነው። ስለዚህ «ሕፃኑ ብቻውን የሚሠራው ምዘና» የሚለው አገላለጽ ቢረዝምም ለእውነት ይቀርባል።

ከላይ ከተዘረዘረው የምንረዳው መሣሪያው ከመቅደሙ በፊት የቃል መዝገቡ መቅደም እንዳለበት ነው። መዝገበ ቃላቶቻችን ቃልን ከነፍቺው ያስቀምጣሉ። ሕፃን በስንት ዓመቱ፣ በየትኛው አካባቢ፣ በየትኛው አነጋገር ቃሉን እንደሚሰማው የሚያመለክት የሕፃናት ቃላት መዝገብ ከየሰፈሩ ተሰብስቦ ቢዘጋጅ፣ የቃላቱን ቅደም ተከተል የእኛው ልጆች ራሳቸው ይወስኑታል። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን ለልጅ የሚሰጠው ዝቅተኛ ውጤት በልጁ ላይ ከመፈረዱ አስቀድሞ፣ የተጠየቀው ቃል በቤቱ የሚነገር መሆኑ ይመርመር።