በአቃቂ የገባው ነጭ ወይን

የጅቡቲው ባቡር አቃቂ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። አዲስ አበባ ለመግባት ሁለት ዓመት ፈጀበት። እስከ 1917 ድረስ፣ ዛሬ ገላን ኮንዶሚኒየም የተገነባበት አካባቢ ከሀዲዱ መጨረሻ ብዙም የራቀ አልነበረም። ከወደብ የመጣው ዕቃ አቃቂ ላይ እየወረደ ቀሪውን መንገድ በአጋሰስ ይሄድ ነበር።

የባቡሩ ኩባንያ የፈረንሳዮች ነበረና ጨርቁም፣ ቆርቆሮውም፣ መጠጡም በዚሁ መስመር ይገባል። የፈረንሳይ ወይን ግን ከቤተ መንግሥት፣ ከሌጋሲዮንና ከሆቴል ገበታ አልወረደም። ሌላው ሕዝብ ጠጅና ጠላ ነበረው። ወይንን የሚያውቀው በቅዳሴ ሲሆን እርሱም ከተዘፈዘፈ ዘቢብ የሚጨመቅ ነው። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አገራችንን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ይህንኑ ጽፏል።

ኋላ አዲስ ለውጥ ያመጣው ፈረንሳዊው የመጠጥ ባለሀብት ፒየር ካስቴል ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካን የገዛው የካስቴል ኩባንያ በ2007 ፊቱን ወደ ባቱ፣ በቀድሞ ስሟ ዝዋይ፣ አዞረ። ከቦርዶ የመጣ ችግኝ ከዝዋይ ሐይቅ አጠገብ ተተከለ። ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት በእርሻው ዙሪያ ቦይ ተቆፈረ። ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን ለቀዩ፣ ሻርዶኔ ለነጩ ሆኑ። ‹ሪፍት ቫሊ› እና ‹አካሺያ› የተባሉት ወይኖች ገበያ የወጡት በ2014 ነው። ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳው የአዳማ ፈጣን መንገድ አገልግሎት የጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። ከባቱ በሞጆ በኩል ወደ መዲናዋ የሚመጣው ጭነት እንደ ጥንቱ የባቡር ዕቃ በአቃቂ ቃሊቲ በር ይገባል። ልዩነቱ፣ ወይኑ አሁን የራሳችን አፈር ያበቀለው መሆኑ ነው።

ሻርዶኔ የትውልድ አገሩ ቡርጎኝ ነው። እዚያ ከወንዝ አሳ፣ በክሬም ከተሠራ ዶሮ፣ ከፍየል አይብ ጋር ይቀርባል። ሻብሊ የሚባለው ዓይነቱ ደግሞ ከባሕር ዛጎል ጋር ስሙ ገናና ነው። እኛ ዘንድ የሚያሳዝነኝ፣ ብዙ ሰው ጣፋጭ ስለሚፈልግ ነጩን ወይን በለስላሳ ቀላቅሎ መጠጣቱ ነው። እንዲያ ሲሆን የሚጠፋው ኮምጣጣነቱ ነው፤ ከምግብ ጋር የሚያስማማው ደግሞ እርሱ ነው።

ቆሮሶ የሚባለውን የዝዋይ አሳ አስቡት። ጎንና ጎኑ በቢላ ተሰንጥቆ፣ ዘይት ውስጥ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ፣ ሎሚ የተጨመቀበት። ነጭ ወይን የሎሚውን ሥራ ያግዛል፤ የዘይቱን ቅባት ከምላስ ላይ ያጥባል፣ የአሳውን ለስላሳ ጣዕም ግን አይጫንም። ቀይ ወይን ከዚህ አሳ ጋር ብረት ብረት ሊል ይችላል። ዳጣው ግን ጥቂት ይሁን፤ አልኮል የቃሪያን ማቃጠል ያብሳል።

የዶሮ አልጫም ይስማማዋል። ቅቤውና እርዱ ከሻርዶኔ ጋር ሲገናኙ፣ የቡርጎኙ የክሬም ዶሮ የሩቅ ዘመድ የተገኘ ይመስላል። አይብ በጎመንም እንዲሁ። በበርበሬ የተቁላላውን ዶሮ ወጥ ግን ለነጭ ወይን አልሰጠውም። እርሱ ከጠጅ ጋር የኖረ ነው፣ ከጠጅ ጋር ይኑር። ክትፎም ሚጥሚጣው ስለሚበዛ ከዚሁ ወገን ነው።

ጠርሙሱ ቀዝቅዞ ይቅረብ እንጂ በረዶ አይሁን፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ሩብ ሰዓት ያህል ቢቆይ መዓዛው ይከፈታል። በገላንም ሆነ በሌላ ሰፈር ወይን የምትጠጡ ሁሉ፣ የባቱን ነጭ ወይን ገና ቀምሳችሁት ካልሆነ በመጀመሪያ ከባቱ አሳ ጋር፣ ምንም ሳትቀላቅሉ ቅመሱት።