«አርፈው ይቀመጡ» የተባሉት ሐኪም

በስብሰባችን ላይ መዋጮ በሚሰበሰብበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይነሳል። «ይቺ የእኛ ጥቂት ገንዘብ ምን ትሠራለች?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ እትም ከመቶ ዓመት በፊት ለዚሁ ጥያቄ በሥራቸው መልስ የሰጡ የአንዲት ቀዶ ሐኪም ታሪክ ለአባሎቻችንና ለደጋፊዎቻችን እናቀርባለን። ስማቸው ዶክተር ኤልሲ ኢንግሊስ ይባላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤልሲ ኢንግሊስ በ1864 ሕንድ ውስጥ ናይኒ ታል በተባለች ከተማ ከስኮትላንዳውያን ቤተሰብ ተወለዱ። አባታቸው በሕንድ የእንግሊዝ አስተዳደር ሠራተኛ ነበሩ። በዚያ ዘመን ሴት ልጅን ማስተማር እንደ ትርፍ ነገር ይቆጠር ነበር፤ እኚህ አባት ግን ልጃቸው ሐኪም እንድትሆን ከጎኗ ቆሙ። ቤተሰቡ ኤድንብራ ከገባ በኋላ ኤልሲ ሶፊያ ጄክስ-ብሌክ በ1886 በከፈቱት የሴቶች ሕክምና ትምህርት ቤት ተመዘገቡ።

እዚያም ሁሉ ነገር የተቃና አልነበረም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ተማሪዎችን ባባረረ ጊዜ ጠብ ተነሳ። ኤልሲ ትተው ወጡና በአባታቸውና በወዳጆቻቸው እርዳታ ሌላ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ አቋቋሙ። ይህን የምናነሳው ሴቶች ስለተሰባሰቡ ብቻ ጭቅጭቅ ይጠፋል ብሎ ማሰብ ስህተት ስለሆነ ነው። ሁለቱም ሴቶች የቆሙት ለአንድ ዓላማ ነበር፤ ነገር ግን አልተስማሙም። ቢለያዩም አንዳቸውም ዓላማውን አልተዉም።

ኤልሲ በ1892 የሐኪምነት ፈቃድ አገኙ። ለንደንና ደብሊን ሠርተው በ1894 ወደ ኤድንብራ ተመለሱ። በሥራቸው ያዩት ነገር እጅግ ያንገበግባቸው ነበር። አንዲት የታመመች ሴት ቀዶ ሕክምና ቢያስፈልጋትም ባሏ እንቢ ካለ ሳይደረግላት ይቀራል። ድሃ እናቶች በቂ እንክብካቤ ሳያገኙ ይወልዳሉ። ስለዚህ በከተማዋ አሮጌና ድሃ ሰፈር፣ ሠራተኞቹ በሙሉ ሴቶች የሆኑበት ትንሽ የማዋለጃና የቀዶ ሕክምና ቤት ከፈቱ። መክፈል ካልቻለችው ገንዘብ አይቀበሉም ነበር። ሕመሙን ከሥሩ ለመንቀል መድኃኒት ብቻውን እንደማይበቃ ስለገባቸውም፣ ለሴቶች የምርጫ መብት በሚታገሉት የስኮትላንድ ማኅበራት ኅብረት ውስጥ ጸሐፊ ሆነው ለዓመታት አገለገሉ።

በ1914 የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲነሳ ኤልሲ 50 ዓመታቸው ነበር። የ20 ዓመት ልምድ ይዘው ወደ ጦሩ ባለሥልጣን ሄዱና ሴት ሐኪሞችና ነርሶች ያሉበት ሆስፒታል እናቅርብ አሉ። የተሰጣቸው መልስ እስከ ዛሬ ይነገራል፦ «እመቤቴ፣ ቤትዎ ይግቡና አርፈው ይቀመጡ።»

ቤታቸው ገቡ፤ ግን አልተቀመጡም። የራሳቸው መንግሥት እንቢ ቢል ለፈረንሳይና ለሰርቢያ መንግሥታት ጻፉ፤ ሁለቱም በደስታ ተቀበሉ። የቀረው ገንዘብ ነበር። ከኪሳቸው 100 ፓውንድ አውጥተው መዋጮውን ጀመሩ። የምርጫ መብት ማኅበራቱ ለትግል የዘረጉትን መረብ ለእርዳታ አዋሉት፤ በየከተማው ስብሰባ ተጠራ፤ ትልቁም ትንሹም ተሰበሰበ። አንድ ከተማ፣ አንድ ትምህርት ቤት ወይም አንድ ማኅበር የአንድ አልጋ ወጪ ከሸፈነ ስሙ በአልጋው ላይ ይጻፍ ነበር። ስለዚህ ሰጪው ገንዘቡ የት እንደደረሰ ያውቃል፤ የቆሰለውም ወታደር ማን እንዳስተኛው ያነባል። ከአሜሪካ፣ ከሕንድ፣ ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ ጭምር ገንዘብ መጣ። ጦርነቱ ሲያልቅ የተሰበሰበው ከ400,000 ፓውንድ በላይ ደርሶ ነበር።

ይህ ገንዘብ «የስኮትላንድ ሴቶች ሆስፒታሎች» የተባለውን ድርጅት አቆመ። ከፓሪስ በስተሰሜን ሮዮሞን በሚባል ከ13ኛው ክፍለ ዘመን የቆየ ገዳም ውስጥ አንዱ ሆስፒታል ተከፈተ። ሴቶቹ ሲደርሱ ሕንፃው ለሆስፒታል የሚሆን ነገር አልነበረውም። ጠርገው፣ ወለሉን ፈትገው፣ ውኃ በእጃቸው ተሸክመው አዘጋጁት። በዶክተር ፍራንሲስ አይቨንስ መሪነት ከሐኪም እስከ ሾፌር በሴቶች ብቻ የሚሠራው ይህ ሆስፒታል ጦርነቱ እስኪያበቃ አገለገለ።

ኤልሲ ራሳቸው በ1915 ወደ ሰርቢያ ሄዱ። እዚያ ከጥይቱ ይልቅ የሚገድለው በቅማል የሚተላለፈው ተስቦ ነበር። ብዙ የሰርቢያ ሐኪሞች በበሽታው አልቀዋል። ከስኮትላንድ ሴቶችም የሞቱ አሉ፤ ከነሱ አንዷ የግላስጎዋ ነርስ ሉዊዛ ጆርዳን ናት። ታካሚዎችን ማጠብ፣ ልብሳቸውን መቀቀል፣ ውኃውን ማጥራት፣ መጸዳጃውን ማበጀት ከቀዶ ሕክምናው የማያንስ ሥራ ሆነ። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ተስቦ ምን እንደሚያደርግ እናቶቻችን ነግረውናል።

በዚያው ዓመት በበልግ ወራት የጀርመን፣ የኦስትሪያ-ሃንጋሪና የቡልጋሪያ ጦር ሰርቢያን ወረረ። የሰርቢያ ሠራዊትና ሕዝብ በክረምት ብርድ የአልባኒያን ተራሮች እያቋረጠ ሸሸ። ከሴቶቹም አንዳንዶቹ አብረው ተሰደዱ። ኤልሲ ግን የማይንቀሳቀሱ ቁስለኞችን ትተው መሄድን አልፈቀዱም። ክሩሼቫጽ በተባለች ከተማ ከባልደረቦቻቸው ጋር ቀሩና በጠላት እጅ ምርኮኛ ሆኑ። ምርኮኛም ሆነው ማከማቸውን አላቆሙም። በ1916 መጀመሪያ ወደ አገራቸው ተላኩ። ሰርቢያም የነጭ ንስር ኒሻኗን ሸለመቻቸው፤ ይህን ኒሻን የተቀበሉ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

ሌላ ሰው ቢሆን ከዚህ በኋላ ያርፋል። እሳቸው ግን በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ከሩሲያ ጦር ጎን ለሚዋጋው የሰርቦች ክፍለ ጦር ሕክምና ለመስጠት ወደ ሩሲያና ሩማንያ ግንባር ዘመቱ። በ1917 ካንሰር ይዟቸው ሰውነታቸው ሲዝል፣ አገሩም በአብዮት ሲታመስ፣ ተመለሱ ቢባሉ ሰርቦቹ ከዚያ ካልወጡ አልወጣም አሉ። በመጨረሻ ክፍለ ጦሩ እንዲወጣ ተደረገ፤ እሳቸውም አብረው ተሳፈሩ። መርከቧ ኅዳር 25 ቀን ኒውካስል ስትደርስ ታመው ሳለ ተነሥተው ቆመው የሰርብ መኮንኖቹን አንድ በአንድ ተሰናበቱ። በማግስቱ አረፉ። ዕድሜያቸው 53 ነበር።

የታገሉለትን የምርጫ መብት ሳያዩት ሞቱ። የእንግሊዝ ፓርላማ ዕድሜያቸው ከ30 ዓመት በላይ ለሆነ ለተወሰኑ ሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው በየካቲት 1918፣ እሳቸው ካረፉ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። ከተረፈው ገንዘብ ግን ኤድንብራ ውስጥ በስማቸው የወሊድ ሆስፒታል ተሠርቶ በ1925 ተከፈተ፤ እስከ 1988 ድረስም እናቶች ሲወልዱበት ኖሩ። ሰርቢያ ውስጥ በምላዴኖቫጽ ለሴቶቹ መታሰቢያ የቆመ የውኃ ምንጭ አለ። ግላስጎም በ2020 ለኮሮና ታማሚዎች ያዘጋጀችውን ጊዜያዊ ሆስፒታል በነርስ ሉዊዛ ጆርዳን ስም ሰይማዋለች።

ከዚህ ታሪክ እኛ ይዘን የምንወጣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ሴቶቹ በጦርነት ጊዜ በአንድ ጀምበር አልተደራጁም። ቀድሞ የተዘረጋ ማኅበር፣ የሚታመን ገንዘብ ያዥ፣ የሚተዋወቁ አባላት ነበሯቸው፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ያ ሁሉ ጠቀመ። እኛም በደህናው ቀን በየወሩ የምንሰበሰበው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ ሰጪው ገንዘቡ የት እንደገባ ማወቅ መብቱ ነው። በአልጋው ላይ የተጻፈው ስም ለጌጥ አልነበረም፤ ሂሳብ ማስረከቢያም ነበር።

«ይቺ ጥቂት ገንዘብ ምን ትሠራለች?» ለሚለው፣ አንድ አልጋ ትሠራለች እንላለን። በአልጋው ላይ ደግሞ ሰው ይተኛል፤ ሲድንም ይነሳል።